ሁለት ሌሊት በሚር፦ ትንሿን የቤላሩስ ከተማና ገጠሯን እንዴት እንጎብኝ

አመሻሽ ላይ የመጨረሻው የጎብኚ አውቶብስ ወደ ሚንስክ ሲመለስ ሚር ሌላ ከተማ ትሆናለች። ከተማዋ በምትታወቅበት አሮጌ ግንብ ፊት ካለው ኩሬ ዳር ዓሣ የሚያጠምዱ ሽማግሌዎች ብቻ ይቀራሉ። ቀዩ ጡብ ውሃው ላይ ተገልብጦ ይታያል። አንዲት እናት ልጇን ብስክሌት ላይ አፈናጣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ይህን የሚያየው ያደረ ሰው ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ሚርን የሚያየው ለሦስት ሰዓት ነው። ጠዋት ከሚንስክ ይነሳል፣ ግንቡን ዞሮ ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ከተማ ወደ ኔስቪዥ ይሮጣል፣ ማታ ሆቴሉ ነው። እኔ ግን ሁለት ሌሊት እደሩ እላለሁ። አንዱን ቀን ለከተማዋ፣ ሌላውን ለገጠሩ ስጡት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን እንዴት እንደምታደርጉት ነው።

ሚር ከሚንስክ በስተደቡብ ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ያለችው በህሮድና ክልል ነው። ነዋሪዋ ሁለት ሺህ ገደማ ነው። በሩሲያኛ ሚር ማለት ሰላም ማለት ነው፣ ዓለም ማለትም ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

1. መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ያላችሁ ደግሞ በሚንስክ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ከገባችሁ እስከ 30 ቀን ያለ ቪዛ የሚያስቆይ አሠራር አለ። ነገር ግን ይህ ከሩሲያ በሚመጣ በረራ ለሚገባ ሰው አይሠራም። በሞስኮ በኩል ርካሽ ትኬት አገኘሁ ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የአገሮቹ ዝርዝርም በየጊዜው ስለሚቀየር ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የቤላሩስን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገጽ እዩ። በዱባይ ወይም በሪያድ የምትኖሩ ደግሞ ልብ በሉ፤ የሚታየው ፓስፖርታችሁ ነው እንጂ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ አይደለም።

ቢያንስ 10,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ወረቀቱን አትማችሁ ያዙ። ከ10 ቀን በላይ የምትቆዩ ከሆነ መመዝገብ አለባችሁ። ሆቴል ካደራችሁ ሆቴሉ ራሱ ይመዘግባችኋል። ሰው ቤት ካረፋችሁ ግን ጉዳዩን ከባለቤቱ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

በረራን በተመለከተ፣ ከ2021 ጀምሮ የቤላሩስ አየር መንገድ በአውሮፓ ኅብረት ሰማይ እንዳይበር ተከልክሏል። ስለዚህ ብዙው መንገደኛ በኢስታንቡል ወይም በዱባይ ነው የሚያልፈው። በየብስ ከፖላንድና ከሊትዌኒያ መግባት ይቻል ይሆናል፣ ድንበሩ ግን ያለማስጠንቀቂያ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ወረፋውም ረጅም ነው።

አሁን ከባዱን ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካና በርካታ የአውሮፓ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ ቤላሩስ እንዳይሄዱ ለዓመታት ሲመክሩ ቆይተዋል። ምክንያቱ ባዶ አይደለም። በፖለቲካ ምክንያት የሚታሰር ሰው አለ፤ ስልክም ድንበር ላይ ሊፈተሽ ይችላል። በአገሪቱ ሕግ "ጽንፈኛ" የተባለ የቴሌግራም ቻናል መከተል ብቻውን ያስቀጣል። ሄጄ አያለሁ ካላችሁ ከፖለቲካ ወሬ ራቁ። ወታደርን፣ ፖሊስንና የመንግሥት ሕንጻን ፎቶ አታንሱ። ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብባችሁ ከቤተሰብ ጋር ተመካከሩበት። ውሳኔው የእናንተ ነው።

2. ወቅቱን ምረጡ

ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ ያለው ጊዜ ይመቻል። በሰኔ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ቀኑ አያልቅም ማለት ይቻላል። በታኅሣሥ ግን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፤ ብርዱም ከዜሮ በታች ነው።

ለእኛ ደስ የሚል ነገር አለ። የቤላሩስ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነት የለም። የኦርቶዶክስ በዓሎቻቸውም ከእኛ ጋር ይገጥማሉ። ገናን የሚያከብሩት ጃንዋሪ 7 ነው፤ ፋሲካቸውም ከእኛ ፋሲካ ጋር አንድ ቀን ይውላል። ፋሲካን በሰው አገር ብቻውን ላሳለፈ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆማችሁ፣ ከሰው ጋር ሻማ አብርታችሁ ታድራላችሁ። ዳግማ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ባለው ማክሰኞ ደግሞ ራዱኒጻ የሚባል ቀን አላቸው። ያን ቀን መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። ሰው ሁሉ ወደ መቃብር ቦታ ሄዶ መቃብሩን ያጸዳል፣ እዚያው ምግብ ያቀርባል፣ ሙታኑን ያስባል። በዚያ ቀን ገጠር ከሆናችሁ በርቀት ቆማችሁ እዩ፤ ካሜራችሁን ግን ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡት።

በጁላይ 6 ሌሊት ደግሞ ኩፓሌ አለ። ወንዝ ዳር እሳት ይነዳል፣ ወጣቶች በላዩ ይዘላሉ፣ ልጃገረዶች የአበባ አክሊል ውሃ ላይ ይለቃሉ።

3. ገንዘብ፣ ስልክና ሻንጣ

ገንዘባቸው የቤላሩስ ሩብል ይባላል። በ2016 አሥር ሺው አሮጌ ሩብል በአንድ አዲስ ተቀይሯል፤ አሮጌ ኖት የሚሰጣችሁ ካለ አትቀበሉ። ምዕራባውያን በጣሉት ማዕቀብ ምክንያት ካርድ አንዱ ቦታ ሠርቶ ሌላው ቦታ እምቢ ሊል ይችላል። ንጹሕ፣ ያልተጨማደደ ዶላር ወይም ዩሮ ያዙና ሚንስክ ላይ ባንክ ገብታችሁ ዘርዝሩ። ሲም ካርድ በፓስፖርት ይሸጣል። የሩሲያኛ ቋንቋ ትርጉሙን ስልካችሁ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጋችሁ አውርዱት።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ ፍሊከር። የመኪና መብራት ሲያርፍበት የሚያንጸባርቅ ትንሽ ፕላስቲክ ወይም ቁራጭ ጨርቅ ነው። ቤላሩስ ውስጥ ከጨለመ በኋላ በመንገድ ዳር የሚሄድ እግረኛ ይህን ማድረግ በሕግ ይገደዳል። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ የገጠሩ መንገድ መብራት የለውም፤ መኪናውም ይበራል። ሱቅ ውስጥ በጥቂት ሳንቲም ይገኛል። ገዝታችሁ ጃኬታችሁ ላይ አንጠልጥሉት።

4. ከሚንስክ ወደ ሚር

አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ ወደ ሚንስክ ማዕከላዊ አውቶብስ ተራ ትመጣላችሁ። አውቶብስ ተራው ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። ወደ ሚር ቀጥታ የሚሄዱ አውቶብሶች አሉ፤ ወደ ናቫህሩዳክ ከተማ የሚያልፉትም ያወርዷችኋል። ሚኒባስም አለ፤ እነሱ ማርሽሩትካ ይሉታል። መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል።

በባቡር መሄድ የምትወዱ ከሆነ በሚንስክ-ብሬስት መስመር ላይ ሃራድዜያ የምትባል ጣቢያ አለች። በሚርና በኔስቪዥ መካከል ናት። ከዚያ ግን ወደ ሁለቱም ከተሞች ሌላ መኪና ያስፈልጋችኋል። ሻንጣ ለያዘ ሰው አውቶብሱ ይሻላል።

አርብ ማታ የሚወጣውን አውቶብስ ቲኬት ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። ከተማ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ገጠር ወላጆቹ ጋ የሚሄደው ያን ጊዜ ነው።

5. የት እንደር?

ሦስት ምርጫ አለ። ግንቡ ውስጥ ራሱ አነስተኛ ሆቴል አለ። አደባባዩ አካባቢ እንግዳ ማረፊያዎች አሉ። ሦስተኛው አግሮሳድባ የሚሉት ነው፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የገጠር ሰው ቤቱን ለእንግዳ ከፍቶ፣ ከጓሮው አብስሎ የሚያስተናግድበት ነው። ከ2006 ጀምሮ መንግሥት ለዚህ ሥራ የተለየ ሕግ አውጥቶለታል፤ ግብሩም ቀላል ስለሆነ በየመንደሩ ተስፋፍቷል። ቤት ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከሚር ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ምግብ አለ? ባኛ አለ?

ባኛ የእንጨት ቤት ውስጥ የሚደረግ የእንፋሎት መታጠቢያ ነው። እኛ ስቲም የምንለው ዓይነት ነው፣ ግን በእሳት። ባለቤቱ ከሰዓት ጀምሮ ምድጃውን ያነዳል። ድንጋዩ ሲግል ውሃ ይረጫል። በርች የሚባል ዛፍ ቅጠል እንደ መጥረጊያ የታሰረበት ነገር አለ፤ ቬኒክ ይባላል። መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ከዚያ ጀርባችሁን ቀስ እያሉ ይመቱበታል። ሽታው ዝናብ እንደመታው ጫካ ነው። ሲበቃችሁ ወጥታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ትደፋላችሁ። የደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ይቅርበት። ሌላው ሰው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይለፍ።

የሰው ቤት ስትገቡ በር ላይ ጫማ ታወልቃላችሁ፤ ነጠላ ጫማ ይሰጧችኋል። ደፍ ላይ ቆማችሁ እጅ አትጨብጡ፤ ጥሩ ነገር አይደለም ይላሉ። ግቡና ጨብጡ። አበባ ከወሰዳችሁ ቁጥሩ ጎደሎ ይሁን፤ ጥንድ አበባ ለቀብር ነው። እኔ ብሆን የምወስደው የተቆላ ቡና ነው። ጀበና ባይኖርም ከአገራችሁ ያመጣችሁት መሆኑ ብቻ ገበታውን ያሞቀዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በዚህ አካባቢ ጥቁር ሰው ብዙ አይታይም። ትክ ብለው ያያችኋል። ለማያውቁት ሰው ፈገግ የማለት ልማድም የላቸውም። ፊታቸው የተቆጣ ይመስላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይደለም። ቀድማችሁ "ዶብሪ ደን" በሉ፤ ጤና ይስጥልኝ እንደማለት ነው። አዛውንቶቹ ኢትዮጵያ ስትሏቸው ሊያስታውሱ ይችላሉ። በደርግ ጊዜ ብዙ የእኛ ልጆች በሶቭየት ኅብረት ተምረዋል፤ ሚንስክም ከተማሩባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች።

6. የመጀመሪያው ቀን፦ ግንቡ

ግንቡን መጀመሪያ ከውጭ ዙሩት። ዙሪያውን ለመሄድ ሃያ ደቂቃ በቂ ነው፤ እናንተ ግን አንድ ሰዓት ስጡት።

ግንባታው የተጀመረው በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ያስጀመረው ዩሪ ኢሊኒች የሚባል ባላባት ነው። በ1568 ራድዚቪል ለሚባለው ኃያል ቤተሰብ ተላለፈ። አምስት ማማዎች አሉት፤ ቁመታቸው ወደ 25 ሜትር ይደርሳል። እያንዳንዱ ከታች አራት ማዕዘን ሆኖ ይነሳና ወደ ላይ ስምንት ማዕዘን ይሆናል። ቀረብ ብላችሁ ግድግዳውን እዩ። ጡቡ ቀይ ነው። በመካከሉ ነጭ የተለሰኑ ጎድጓዳ ቅርጾች አሉ፤ መስኮት ይመስላሉ፣ ግን ድፍን ናቸው። ለጌጥ ብቻ ነው የተሠሩት። የማማዎቹ ጌጥ ደግሞ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ሁለቱን መርጣችሁ አወዳድሩ።

በደቡብ በኩል ባለው ግድግዳ የበግ ጭንቅላት የመሰለ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ የወጣ ቀን ግንቡ ይፈርሳል የሚል አፈ ታሪክ አላቸው። ፈልጉት።

በ1812 የናፖሊዮን ጦርነት ግንቡ ክፉኛ ተጎዳ። በ1895 ስቪያቶፖልክ-ሚርስኪ የሚባል መስፍን ገዛው። አሁን የምታዩት ኩሬ የእሱ ሥራ ነው። ያበበ የፖም አትክልት አስቆርጦ ነው ያስቆፈረው ይላሉ። አበባ ላይ ያለ ዛፍ መቁረጥ ነውር ስለሆነ ኩሬው ተረግሟል የሚል ታሪክ እስከ ዛሬ ይወራል። መስፍኑም በ1898 ሞተ። ከኩሬው ማዶ በ1904 የተሠራ የቤተሰቡ የጸሎት ቤትና መቃብር አለ። ፊት ለፊቱ ላይ የክርስቶስ ፊት በሞዛይክ ተሠርቷል። ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ወርቁ ያበራል።

ግንቡ በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ረጅም እድሳት ተደርጎለት በ2010 መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ውስጡ ሙዚየም ነው። ጠዋት በሩ ሲከፈት ግቡ፤ አውቶብሶቹ ሳይደርሱ ክፍሎቹን ብቻችሁን ታያላችሁ። የማማው ደረጃ ጠባብና ቁልቁል ነው። ጉልበት የሚያማችሁ ታች ቆዩ።

7. ከሰዓት በኋላ፦ አደባባዩና ዝምታው

ብዙ ጎብኚ ወደ ከተማው መሐል አይገባም። እናንተ ግቡ። ከግንቡ በእግር አሥር ደቂቃ ነው።

አደባባዩ ሰፊ ነው፤ ዙሪያውን ዝቅ ያሉ ቤቶች ከበውታል። ስሙ የሴፕቴምበር 17 አደባባይ ነው። በ1939 በዚያ ቀን የሶቭየት ጦር ወደ አካባቢው ገባ። ከዚያ በፊት ሚር በፖላንድ ሥር ነበረች። በአንድ በኩል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላ በኩል የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ትንሽ አለፍ ስትሉ የድሮ ምኩራቦች ሕንጻ ታያላችሁ። ካቶሊኩ፣ ኦርቶዶክሱ፣ አይሁዱ፣ ሙስሊሙ ታታር በዚህች ትንሽ ቦታ አብረው ኖረዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከነዋሪው ትልቁ ክፍል አይሁድ ነበር። በ1815 ገደማ የተመሠረተው የሚር የሺቫ፣ ማለትም የኦሪት ትምህርት ቤት፣ በመላው ዓለም የታወቀ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ተማሪዎቹ ወደ ቪልኒየስ ሸሹ። ከዚያ በጃፓን በኩል ሻንጋይ ደረሱ። ዛሬ በኢየሩሳሌም ሚር የሚባለው ግዙፍ የሺቫ የዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ስሙን በደንብ ታውቁታላችሁ። በአሮጌው ባለ 200 ሼቄል ኖት ላይ የነበረው ዛልማን ሻዛርም፣ ሦስተኛው የእስራኤል ፕሬዚዳንት፣ የተወለደው በ1889 በዚህችው ከተማ ነው።

በኖቬምበር 1941 ናዚዎች በአንድ ቀን 1,500 ገደማ የሚሆኑ የከተማውን አይሁድ ገደሉ። የተረፉትን በ1942 ጸደይ ግንቡ ውስጥ አጎሯቸው። አዎ፣ ጠዋት ፎቶ ያነሳችሁበት ግንብ ውስጥ። ያን ጊዜ በጀርመኖቹ ፖሊስ ጣቢያ ኦስቫልድ ሩፋይዘን የሚባል ወጣት አስተርጓሚ ነበር። ራሱ አይሁድ ነው፣ ማንነቱን ግን ደብቆ ነበር። የመጨረሻው ጭፍጨፋ ቀን መቆረጡን ሰማ። መሣሪያ አሾለከላቸው። በኦገስት 9 ሌሊት ፖሊሶቹን በሐሰት ወሬ ወደ ሌላ አቅጣጫ አስወጣቸው። 200 ያህል ሰው ግንቡን ጥሎ ወደ ጫካ አመለጠ። የቀሩት ከአራት ቀን በኋላ ተገደሉ። ሩፋይዘን በጦርነቱ ጊዜ ተደብቆ ሳለ ክርስቲያን ሆነ፤ ከጦርነቱ ተርፎም መነኮሰ። እስራኤል ሄዶ ሃይፋ ውስጥ በካርሜል ተራራ ገዳም ኖረ፤ በ1998 እዚያው አረፈ።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ ወደ ግንቡ ግቢ አንድ ጊዜ ተመለሱ። ቁጭ በሉ። በከተማዋ ውስጥና ዳርቻ ላይ መታሰቢያ ድንጋዮች አሉ፤ አስተናጋጆቻችሁን ጠይቁ፣ ያሳዩዋችኋል። መታሰቢያው ላይ አበባ ሳይሆን ትንሽ ድንጋይ ማስቀመጥ የአይሁድ ልማድ ነው።

8. ምን እንብላ?

ቤላሩስ የድንች አገር ነው። ዋናው ምግብ ድራኒኪ ይባላል። ጥሬ ድንች ከሽንኩርት ጋር በደቃቁ ይፈቀፈቃል። ውሃው ይጨመቃል። ጨው፣ አንዳንዴም እንቁላልና ጥቂት ዱቄት ይገባበታል። ከዚያ በጋለ መጥበሻ ላይ በማንኪያ ይደፋል። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ሲንኮሻኮሽ፣ ልቡ ለስላሳ እንደሆነ ይወጣል። ስሜታና ከሚሉት የኮመጠጠ ክሬም ጋር በትኩሱ ይበላል። በበጋ ደግሞ ከቀይ ሥር የሚሠራ ቀዝቃዛ ሾርባ አለ፤ ቀለሙ ሮዝ ነው። ጥቁሩ የአጃ ዳቦ ኮምጠጥ ስለሚል በእንጀራ ላደገ ሰው አይከብድም።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ አሳማ በየቦታው አለ። ድራኒኪው ራሱ በአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል። ማቻንካ የሚባለው ወጥም ብዙ ጊዜ በአሳማ ነው። የማትበሉ ከሆነ "ቤዝ ስቪኒኒ" በሉ፤ ያለ አሳማ ማለት ነው። ስብ እንዳለበትም ጠይቁ፤ ስቡን ሳላ ይሉታል። ለጾመኛ "ፖስትናዬ" የሚል ቃል አላቸው፤ የጾም ማለት ነው። የገጠር ሴቶች ወዲያው ይገባቸዋል። የእነሱ ጾም ግን አንዳንድ ቀን ዓሣ ይፈቅዳል፤ ለይታችሁ ንገሯቸው።

በጸደይ ከበርች ዛፍ ግንድ የሚቀዳ ውሃ ይጠጣሉ። ጣዕሙ በጣም ስስ ነው፣ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ካገኛችሁ ቅመሱ።

9. ሁለተኛው ቀን፦ ገጠሩ

ጠዋት ቁርስ ከበላችሁ በኋላ ከአስተናጋጃችሁ ብስክሌት ተዋሱ። ምድሩ ሜዳ ነው፤ ዳገት የለም። የአጃ ማሳ፣ ከዚያ የበርች ረድፍ፣ ከዚያ የጥድ ጫካ፣ ከዚያ መንደር። ቤቶቹ ከእንጨት የተሠሩ ናቸው፤ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ይቀባሉ። መስኮታቸው ዙሪያ የተቀረጸ እንጨት አለ። በር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። አንዲት እናት ቁጭ ብለው መንገዱን ያያሉ።

ሳታናግሩ አትለፉ። ቁሙና ሰላም በሉ። ቤታቸውን ወይም ራሳቸውን ፎቶ ማንሳት ካማራችሁ ካሜራውን አሳይታችሁ "ሞዥና?" በሉ። ይቻላል ወይ ማለት ነው። በዚህ አንድ ቃል ብዙ በር ይከፈታል። "ጃኩይ" በቤላሩስኛ አመሰግናለሁ ነው። አብዛኛው ሰው ሩሲያኛ ይናገራል፤ ቤላሩስኛዋን ከእንግዳ አፍ ሲሰሙ ግን ፊታቸው ይፈታል።

ቀና ብላችሁ የመብራት ምሰሶውን እዩ። ትልቅ የጭራሮ ጎጆ ካለ የሽመላ ነው። ቡሰል ይሉታል። ጎጆውን ማፍረስ ኃጢአት ነው ብለው ያምናሉ። በጸደይ መጀመሪያ ይመጣል፤ በኦገስት መጨረሻ ይሄዳል። የሚሄደውስ ወዴት ነው? በእስራኤል ሰማይ አልፎ፣ የአባይን ሸለቆ ይዞ ወደ እኛው አህጉር ነው። ይህን ለገበሬው ስነግረው ጎጆውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። ጨዋታችን ከዚያ በኋላ በጣም ቀለለ።

ጫካ ከገባችሁ ረጅም ካልሲ አድርጉና ሱሪያችሁን ካልሲው ውስጥ አስገቡ። መዥገር አለ፤ የአንጎል በሽታም ያስተላልፋል። ማታ ገላችሁን በደንብ ፈትሹ። ክትባትም ስላለ ከጉዞው በፊት ሐኪም ጠይቁ። ከኦገስት ጀምሮ ሰው ሁሉ ባልዲ ይዞ እንጉዳይ ለቀማ ይወጣል። ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ አትልቀሙ። በ1986 ከቼርኖቢል የወጣው ጨረር ክፉኛ የጎዳው የአገሪቱን ደቡብ ምሥራቅ፣ የሆሜልንና የማሂሊዮውን አካባቢ ነው። የጫካ ነገር ለመብላት ከፈለጋችሁ የተመረመረ ከሚሸጥበት ገበያ መግዛት ይሻላል።

በመንደር ቤተ ክርስቲያን ስታልፉ ግቡ። ሴት ነጠላዋን ወይም ሻሿን ትልበስ፤ ወንድ ኮፍያውን ያውልቅ። እንደ ልማዳችን ጫማ ለማውለቅ ልትጎነበሱ ትችላላችሁ፤ እዚያ ግን አይወለቅም። ቆመው ነው የሚያስቀድሱት፤ ወንበሩ ለአቅመ ደካማ ነው። በር ላይ ጧፍ ይሸጣል። አብርቶ መጸለይ ይቻላል። ሥርዓተ ቁርባኑ ግን ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ስላልሆነ ለመቁረብ አትሰለፉ።

10. ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ

ኔስቪዥ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ቀጥታ አውቶብሱ ጥቂት ስለሆነ ከአስተናጋጃችሁ ጋር መኪና ተነጋገሩ። የራድዚቪሎች ቤተ መንግሥት በ1583 የተጀመረ ነው፤ የሠራው ጣሊያናዊው በርናርዶኒ ነው። በ2005 እሱም በዩኔስኮ ተመዘገበ። በውሃ መሐል በሚያልፍ ረጅም መንገድ ትገባላችሁ። ክፍሎቹ ያምራሉ፤ እኔ ግን የበለጠ የነካኝ ከአጠገቡ ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከሥሩ የቤተሰቡ መቃብር አለ፤ 70 ያህል የሬሣ ሣጥን ተደርድሯል። ከትንንሾቹ ሣጥኖች ፊት ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቦታው ይበርዳል፣ ሹራብ ያዙ።

ታሪክ የሚስባችሁ ከሆነ ናቫህሩዳክን ምረጡ። ኮረብታ ላይ የፈረሰ ግንብ አለ። ከዚያ ይልቅ የምመክራችሁ ግን አነስተኛውን የአይሁድ ተጋድሎ ሙዚየም ነው። በሴፕቴምበር 1943 ናዚዎች ያጎሯቸው አይሁድ ከካምፑ ሥር 200 ሜትር ገደማ ዋሻ በእጃቸው ቆፍረው 230 ያህሉ አመለጡ። ብዙዎቹ የቢየልስኪ ወንድማማቾች የሚባሉት የአይሁድ ሽምቅ ተዋጊዎች ወደ ነበሩበት ጫካ ደረሱ። በዚያ ጫካ ወደ 1,200 ሰው ጦርነቱን ተርፏል።

ሁለቱንም በአንድ ቀን አትሞክሩ።

11. መመለሻ

የመመለሻ ቲኬት ከአንድ ቀን በፊት ቁረጡ። እሁድ ከሰዓት ከሆነ ደግሞ ገና ስትደርሱ ያዙት። እሁድ ማታ ወደ ሚንስክ የሚሄደው አውቶብስ በተማሪ ይሞላል። እናቶች ፌርማታው ድረስ ይሸኟቸዋል። ድንች በከረጢት፣ የተቦካ ጎመንና ኪያር በብርጭቆ ማሰሮ፣ ከላዩ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። አንዷ ከሹፌሩ ጋር ተከራክራ አንድ ባልዲ ፖም ከመቀመጫው ሥር አስገባች። አውቶብሱ ሲነሳ ፖሙ ተንከባለለ። ተሳፋሪው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይለቅም ጀመር፣ እኔም ሦስት አነሳሁ። የሴትዮዋ ልጅ ሁለቱን ተቀበለኝና አንዱን መለሰልኝ። ለመንገድህ ማለቱ ነው።